የወጣት ኤችአይቪ ተመራማሪዎችን ሥልጠና በየትኛው ገንዘብ እናዘጋጅ? በጦጣ ሞዴል ዙሪያ ለሚሠሩ አዘጋጆች የንጽጽር መመሪያ

እ.ኤ.አ. በ1995 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሲያትል የሚሠሩ ተመራማሪዎች ቴኖፎቪር የተባለውን መድኃኒት ለማካክ ጦጣዎች ሰጡ። ጦጣዎቹን ደግሞ ለኤስአይቪ አጋለጧቸው። ኤስአይቪ የኤችአይቪ የቅርብ ዘመድ የሆነ የጦጣ ቫይረስ ነው። መድኃኒቱን አስቀድመው ያገኙት ጦጣዎች ሳይያዙ ቀሩ። ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ ቴኖፎቪርን የያዘ ክኒን ኤችአይቪን ለመከላከል በአሜሪካ ተፈቀደ። ዛሬ ፕሪፕ የምንለው መከላከያ አንዱ ሥሩ ያ ሙከራ ነው።

ሌላም ታሪክ አለ። በ2007 ስቴፕ የተባለው የክትባት ሙከራ ሳያልቅ ቆመ። ክትባቱ ሰዎችን አልጠበቀም። ቀደም ሲል ግን በጦጣዎች ላይ ተስፋ የሚሰጥ ውጤት ታይቶ ነበር። ጦጣዎቹ የተጋለጡት 89.6ፒ ለተባለ፣ ከኤስአይቪና ከኤችአይቪ ለተዳቀለ ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ በክትባት ለመገታት ይቀላል። ኤስአይቪማክ239 በተባለው አስቸጋሪ ቫይረስ የተገኘው ውጤት ደግሞ ደካማ ነበር። እንስሳው ያው ጦጣ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የቫይረሱ ምርጫ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ወጣት ተመራማሪ ከጽሑፍ ብቻ አይማረውም። ስህተቱን በዓይኑ ካየ ሰው አጠገብ ተቀምጦ፣ "ለምን ይሄን ቫይረስ መረጣችሁ?" ብሎ ጠይቆ ነው የሚገባው። የሥልጠና ኮንፈረንስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ኮንፈረንስ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል። አማራጮቹ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ የሚያስር ግዴታ አለው። ይህን የምጽፈው በአሜሪካ ሆነው በጦጣ ሞዴል (የሰውን በሽታ በጦጣ ላይ በማጥናት) ዙሪያ እንዲህ ያለ ሥልጠና ለማዘጋጀት ለሚያስቡ ነው፤ ትልቁ ገንዘብም ትልቁ ደንብም ያለው እዚያ ስለሆነ።

ከገንዘቡ በፊት፦ ሰልጣኙ ምን ይዞ ይሂድ?

"ስንት ዶላር እናገኛለን?" ብላችሁ አትጀምሩ። "ሰልጣኙ ሲመለስ ምን መሥራት ይቻለው?" ብላችሁ ጀምሩ። መልሱ የኮንፈረንሱን ዓይነት ይወስናል። የኮንፈረንሱ ዓይነት ደግሞ የገንዘቡን ምንጭ።

በሰፊው ሲታይ አራት መንገዶች አሉ።

አንደኛው፣ ከትልቁ ስብሰባ ጋር የሚያያዝ አንድ የሥልጠና ቀን ነው። በአሜሪካ የኤድስ የፕራይሜት (የጦጣና የመሰሎቹ) ሞዴሎች ሲምፖዚየም በየዓመቱ ይካሄዳል፤ የፕራይሜት ምርምር ማዕከላቱም ተራ በተራ ያስተናግዱታል። ዘርፉን የሚያውቁት ሰዎች እዚያው ናቸው። ለአስተማሪ ትኬት መግዛት አያስፈልግም። የብዙ ሰልጣኞች ጉዞም አስቀድሞ በሚሠሩበት ቤተ ሙከራ የተከፈለ ነው። የሚጨመረው የአንድ ሌሊት ሆቴል፣ አዳራሽና ምሳ ነው። በአንድ ሰው ሲሰላ ከዚህ የሚረክስ በአካል የሚደረግ ሥልጠና የለም። ጉድለቱ ጊዜው ነው። በአንድ ቀን ስለ ጥናት ንድፍ መወያየት ይቻላል፣ የፕሮፖዛል አጻጻፍ መለማመድ ይቻላል፣ አማካሪ ማግኘት ይቻላል። የእጅ ሙያ ግን አይለመድም።

ሁለተኛው፣ በማዕከል ውስጥ ለጥቂት ቀናት የሚደረግ ወርክሾፕ ነው። ልቤ የሚያደላው ወደዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በአሜሪካ ሰባት ብሔራዊ የፕራይሜት ምርምር ማዕከላት አሉ። በካሊፎርኒያ፣ በኦሪገን፣ በዋሽንግተን፣ በዊስኮንሲን፣ በቴክሳስ፣ በሉዊዚያናና በጆርጂያ ግዛቶች ይገኛሉ። ስምንተኛው የኒው ኢንግላንድ ማዕከል በ2015 ተዘግቷል። አንድ ፖስትዶክ (ዶክትሬቱን ጨርሶ በሌላ ተመራማሪ ሥር የሚሠራ ወጣት) እዚያ ገብቶ ከእንስሳት ሐኪሙ፣ ከፓቶሎጂስቱና ከስታቲስቲክስ ባለሙያው ጋር አራት ቀን ቢያሳልፍ፣ በቤተ ሙከራው በሁለት ዓመት የማያገኘውን ያገኛል። ምሳሌ ልስጥ። ሪሰስ ማካክ ጦጣዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ማሙ-ቢ*08 ወይም ማሙ-ቢ*17 የተባሉ የዘር ልዩነቶች ያላቸው አንዳንድ ጦጣዎች ኤስአይቪን ያለ መድኃኒት ሊቆጣጠሩት ይችላሉ። በአንድ ቡድን ያሉት ስድስት ወይም ስምንት ጦጣዎች ብቻ ቢሆኑና ከእነሱ ሁለቱ እንዲህ ያሉ ቢሆኑ፣ መድኃኒቱ ሳይሠራ የሠራ ሊመስል ይችላል። ይህን አስቀድሞ መርምሮ እንስሳቱን በየቡድኑ ማመጣጠን ያስፈልጋል። ለጀማሪ ይህን የሚያሳየው ከእንስሳቱ ጋር የሚውል ሰው ነው።

ወርክሾፑ ግን ዝግጅት ይጠይቃል። ማካኮች ቢ ቫይረስ የተባለ የሄርፒስ ዓይነት ይይዛሉ። እነሱን ብዙም አይጎዳም፤ ሰውን ግን ሊገድል ይችላል። በ1997 በአሜሪካ አንዲት ወጣት የምርምር ሠራተኛ ዓይኗ ውስጥ ከጦጣ ፈሳሽ ተረጭቶባት በዚሁ ቫይረስ ሞታለች። ስለዚህ ማዕከላት ጎብኚን ዝም ብለው አያስገቡም። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይጠይቃሉ፤ ይህ ጦጣዎቹንም ለመጠበቅ ነው። የኩፍኝ ክትባት ማስረጃም ይጠይቃሉ። የደኅንነት ሥልጠናም አለ። በሕይወት ያለ እንስሳ ለማስተማሪያ የሚነካ ከሆነ ደግሞ የእንስሳት አጠቃቀም ኮሚቴው አስቀድሞ ማጽደቅ አለበት። ይህ ሁሉ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። በጀቱ ላይ እንደ ገንዘብ ባይታይም ወጪ ነው።

የእኔ ምክር፦ ወርክሾፑን ያለ ሕያው እንስሳ ንደፉት። ከቀደሙ ጥናቶች የተቀመጠ ቲሹ አለ። በማይክሮስኮፕ የሚታይ የቲሹ ስላይድ አለ። የፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን አንድ በአንድ የሚለካ ዘዴ) ዳታ አለ። በእነዚህ ብዙ ማስተማር ይቻላል። ቻይና በ2020 ጦጣ ወደ ውጭ መላክ ካቆመች ወዲህ እንስሳቱ ራሳቸው እጥረት ገብቶባቸዋል። በአንድ ጥናት የተሰበሰበን ናሙና ለሌላ ጥያቄ መጠቀም የሚችል ወጣት ለዘርፉም ለእንስሳቱም ይጠቅማል።

ሦስተኛው፣ ኮንፈረንስ ሳያዘጋጁ ወጣቶችን በስኮላርሺፕ ወደ ትልልቅ ስብሰባዎች መላክ ነው። ክሮይ የተባለው የሬትሮቫይረስ (ኤችአይቪ የሚመደብበት የቫይረስ ወገን) ኮንፈረንስ ከ1993 ጀምሮ አለ። በኤችአይቪ መከላከል ምርምር ላይ የሚያተኩረው አርፎርፒ ደግሞ በ2014 በኬፕታውን ተጀመረ። ሥራው ቀላል ነው፤ ትኬትና ሆቴል መክፈል ብቻ። ነገር ግን በሺዎች መካከል አንድ ጀማሪ ይጠፋል። በጦጣ ላይ የሚሠራውም የሚያገኘው ክፍለ ጊዜ ጥቂት ነው። ከዚህ የሚሻለው ጎርደን የሚባሉት የተመራማሪዎች ኮንፈረንሶች ልማድ ነው። ከዋናው ስብሰባ በፊት ቅዳሜና እሁድ ለተማሪዎችና ለፖስትዶኮች ብቻ የሚሆን ሴሚናር ያዘጋጃሉ። ወጣቱ መጀመሪያ ከእኩዮቹ ፊት ቆሞ ይናገራል። ሰኞ ከታላላቆቹ ጋር ሲገናኝ ድምፁ ተከፍቷል።

አራተኛው ኦንላይን ነው። ለንድፈ ሐሳብ ትምህርት፣ ለስታቲስቲክስና ለደኅንነት መግቢያ በጣም ጥሩ ነው። ትውውቅን ግን አይተካም። ለብቻው ሳይሆን ለወርክሾፑ መንደርደሪያ አድርጉት።

አር13ን በደንብ እንየው

ለእንዲህ ያለ ኮንፈረንስ ዋናው የመንግሥት ገንዘብ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት (ኤንአይኤች) የሚሰጠው አር13 ግራንት (ተወዳድረው የሚያገኙት የገንዘብ ድጋፍ) ነው። ስሙም ሥራውም ለስብሰባ ነው። እስከ አምስት ዓመት ሊሰጥ ስለሚችል በየዓመቱ የሚደገም ሥልጠና ላላችሁ ትልቅ እረፍት ይሰጣል። በአቻ ተመራማሪዎች ስለሚገመገምም ለሥልጠናው ክብር ይጨምራል። "አር13 አግኝተናል" ያለ አዘጋጅ የዩኒቨርሲቲውን በር ሲያንኳኳ በቀላሉ ይከፈትለታል።

የሚያስሩት ግዴታዎች ደግሞ እነሆ። ዝም ብሎ ማመልከት አይቻልም። ማመልከቻው ከመግባቱ ቢያንስ ስድስት ሳምንት በፊት ከሚመለከተው ተቋም የፈቃድ ደብዳቤ መጠየቅ አለበት። ፈቃዱ ተገኘ ማለት ገንዘቡ ተገኘ ማለት አይደለም። ማመልከቻው ከገባ በኋላም ግምገማው ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ኮንፈረንሱ ከአንድ ዓመት በታች ከቀረው አር13ን እርሱት፤ ለቀጣዩ ዓመት አስቡት። አመልካቹ የአሜሪካ ተቋም መሆን አለበት። ግለሰብም ሆነ የውጭ አገር ተቋም አይችልም። በኔዘርላንድስ ራይስዋይክ ወይም በናይሮቢ ያለ የፕራይሜት ማዕከል አብሮ ለማዘጋጀት ከፈለገ፣ ማመልከቻውን የሚያስገባ አሜሪካዊ አጋር ያስፈልገዋል።

አር13 ለዩኒቨርሲቲው የአስተዳደር ድርሻ የሚባለውን ተዘዋዋሪ ወጪ አይከፍልም። አንዳንድ የፋይናንስ ቢሮ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። ቀድማችሁ አነጋግሩት። ለመዝናኛና ለአልኮል መጠጥም አይውልም። የምግብ ወጪን በተመለከተ ደንቡ ጥብቅ ስለሆነ የራት ግብዣን ከዚህ ገንዘብ አታስቡ። በፌዴራል ገንዘብ የሚገዛ የአውሮፕላን ትኬት ደግሞ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር፣ በአሜሪካ አየር መንገድ መሆን አለበት። ከውጭ የሚመጣ ሰልጣኝ ይህን ሳያውቅ ርካሽ ትኬት ገዝቶ ገንዘቡ ሳይመለስለት ቢቀር ጥፋቱ የአዘጋጁ ነው። በግብዣ ደብዳቤው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።

ማመልከቻው ላይ ሰዎች ችላ የሚሏቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ልጅ ላላቸው ተሳታፊዎች የልጅ እንክብካቤ መረጃ የሚገኝበት ዕቅድ ነው። ሌላው ስብሰባው ከትንኮሳ ነጻ እንዲሆን የሚያደርገው ዕቅድ ነው። ለቅጹ ሲባል ብቻ አትሙሏቸው። ወጣት ተመራማሪ ማለት ብዙ ጊዜ ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ነው። ወጣት ማለት ከበላዩ ባለ ሥልጣን ሰው ላይ ቅሬታ ለማቅረብ የሚፈራ ሰውም ነው። ለማን እንደሚናገር በስም ማወቅ አለበት።

አሁን ያለውን አየርም መርሳት አይገባም። በኤፕሪል 2025 ኤንአይኤች የእንስሳት አጠቃቀምን ለመቀነስና በሰው ላይ የተመሠረቱ ዘዴዎችን ለማስፋት እንደሚሠራ አስታውቋል። የጥሪ ማስታወቂያዎችም ይለዋወጣሉ። መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት ማስታወቂያው አሁንም ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። ማመልከቻው ውስጥም "ለምን ጦጣ?" የሚለውን ፊት ለፊት መልሱት። መልስ አለው። በ2014 የወጣ አንድ ጥናት በኤስአይቪ በተያዙ በ3ኛው ቀን፣ ቫይረሱ በደም ውስጥ ገና ሳይታይ፣ ሕክምና የጀመሩ ጦጣዎችን ተከታትሏል። መድኃኒቱ ሲቆም ቫይረሱ ተመልሶ መጣ። የተደበቀው ቫይረስ በዚያ ፍጥነት መደላደሉን ከሰው ማወቅ አይቻልም። ሰው የተያዘበትን ሰዓት በትክክል የሚያውቀው ከስንት አንዴ ነው። ሥልጠናው እንስሳን መቀነስን፣ በሚቻልበት መተካትንና ሥቃይን ማቅለልን እንደሚያስተምርም አሳዩ። እነዚህ ሦስት መርሆዎች ከ1959 ጀምሮ አሉ፤ ጥሩ ቤተ ሙከራ ያለ እነሱ አይሠራም።

ሌሎቹ ምንጮች

አስተናጋጁ ማዕከል ራሱ ብዙ ሊሰጥ ይችላል። በጥሬ ገንዘብ አይደለም። አዳራሽ፣ ቤተ ሙከራ፣ የሐኪሞቹ ሰዓት፣ የደኅንነት ሥልጠና። እነዚህን በዶላር ተምኑና በጀቱ ላይ አስቀምጡ፤ ሌላ ሰጪ ሲያይ ይበረታታል። ማዕከሉ ግን የራሱን ልጆች የማስቀደም ዝንባሌ ይኖረዋል። ከውጭ የሚመጡ ሰልጣኞች ስንት እንደሆኑ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ተስማሙ።

ሲፋር የሚባሉት የኤድስ ምርምር ማዕከላት ከ1988 ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ ጀማሪ ተመራማሪን መደገፍ ከሥራቸው አንዱ ነው። ቲ32 የሚባለው የሥልጠና ግራንትም የሰልጣኝን ጉዞ ይሸፍናል። ሁለቱም ለራሳቸው ተቋም ሰዎች ናቸው። ጥቅማቸው እዚህ ላይ ነው፦ በእነሱ የሚመጣ ሰልጣኝ ካለ፣ የእናንተ ስኮላርሺፕ ሌላ ለሌለው ሰው ይተርፋል። ስለዚህ ማመልከቻ ቅጹ ላይ "ሌላ የጉዞ ድጋፍ ማግኘት ትችላለህ/ትችያለሽ?" የሚል ጥያቄ ጨምሩ።

መድኃኒት አምራች ኩባንያ ፈጣን ነው። ወራት ሳይሆን ሳምንታት ሊበቃው ይችላል። ምሳና ራት፣ የፖስተር ሽልማት፣ አር13 የማይነካውን ሁሉ ሊከፍል ይችላል። ነገር ግን በዚህ ዘርፍ ብዙ መድኃኒት በጦጣ ላይ ስለሚሞከር ኩባንያው የጥናቶቹ ባለጉዳይ ነው። ተናጋሪ አይመርጥም፣ ሰልጣኝ አይመርጥም፣ ስላይድ አያይም። ይህ በደብዳቤ ይስፈር። በዚህ የማይስማማ ስፖንሰር ገንዘቡ ቢቀር ይሻላል። ወጣቱ የመጀመሪያው ትምህርቱ አድልዎን መጠርጠር እንዲሆን እየፈለግን፣ መድረኩን ለአንድ ወገን መስጠት አይሆንም።

የምዝገባ ክፍያ ለሥልጠና አይመቸኝም። ከሀብታም ቤተ ሙከራ የመጣው ይከፍላል። ከትንሽ ቤተ ሙከራ የመጣችው ትቀራለች። የግድ ከሆነ ክፍያው ለዋናው ስብሰባ ታላላቅ ተሳታፊዎች ላይ በጥቂቱ ይጨመርና ለወጣቶቹ ይዋል።

እንዴት ላዋህደው?

ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነና ጊዜውም ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ፣ ከሲምፖዚየሙ ጋር የሚያያዘውን ቀን ምረጡ። አዳራሹን ከአስተናጋጁ፣ ምሳውን ከስፖንሰር፣ ጉዞውን ከሰልጣኞቹ ቲ32 አድርጉት። በዚያው ዓመት ለአር13 ፈቃድ ጠይቁ። የመጀመሪያው ዓመት ሥልጠና ለማመልከቻው ማስረጃ ይሆናችኋል።

አንድ ዓመት ተኩል ካላችሁና ማዕከል ከጎናችሁ ከቆመ፣ ወርክሾፑን ሥሩ። አር13 ለሰልጣኝ ጉዞና ሆቴል፤ ማዕከሉ ለቤተ ሙከራው፤ ኩባንያው ለምግቡ። ከመምጣታቸው በፊት ሦስት ወይም አራት የኦንላይን ክፍለ ጊዜ ስጡ፣ ንድፈ ሐሳቡ እዚያ ይለቅ።

ማዕከልም አዘጋጅ ቡድንም ከሌላችሁ፣ ሌላ አዲስ ስብሰባ አትፍጠሩ። ያላችሁን ለስኮላርሺፕ ስጡና ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ እዚያ የሚጠብቀው አንድ አማካሪ መድቡ። አማካሪ የሌለው ስኮላርሺፕ ጉብኝት ነው።

አሁን ሁልጊዜ የሚያከራክረው ጥያቄ። ለምሳሌ 18,000 ዶላር አላችሁ እንበል፤ ለአንድ ሰው ጉዞና ሆቴል 1,500 ዶላር ያስፈልጋል። ለ12 ሰው ሙሉውን ትሰጣላችሁ ወይስ ለ24 ሰው ግማሹን? ብዙ ኮሚቴ 24 የሚለው ቁጥር ሪፖርት ላይ ስለሚያምር እሱን ይመርጣል። እኔ ብሆን 12ቱን። ግማሹ ሲሰጥ የሚመጣው ሌላውን ግማሽ ማግኘት የሚችለው ነው። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳትረዱትም ይመጣ ነበር።

አከፋፈሉም የዚያኑ ያህል ይከብዳል። "ከፍላችሁ ኑ፣ ደረሰኝ አምጡ፣ እንመልሳለን" የሚለው አሠራር ለፕሮፌሰር ምንም አይደለም። ለዶክትሬት ተማሪ ግን የሁለት ወር ኪራይ ሊሆን ይችላል። በተለይ በቪዛ ያለና ክሬዲት ካርዱ ገደቡ ትንሽ የሆነ ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ ይቀራል፤ ምክንያቱንም ለማንም አይናገርም። ትኬቱን ራሳችሁ ግዙ። ሆቴሉን በጅምላ ያዙ። የፋይናንስ ቢሮው "አይቻልም" ካለ አንድ ደረጃ ከፍ ብላችሁ ጠይቁ።

ምርጫውንም አስቡበት። ኤንአይኤች ጀማሪ ተመራማሪ የሚለው የመጨረሻ ዲግሪውን ወይም የክሊኒክ ሥልጠናውን ከጨረሰ 10 ዓመት ያልሞላው፣ ትልቅ ግራንትም ያላገኘ ሰው ነው። ይህ ልክ ለግራንት ጥሩ ነው፤ ለሥልጠና ግን ይጠባል። ዶክትሬታቸውን እየሠሩ ያሉትን አካትቱ። ወደ ምርምር የሚገቡ የእንስሳት ሐኪሞችን በተለይ አትርሱ። ጦጣው መቼ እንደታመመ፣ መቼ ሥቃይ ላይ እንዳለ፣ ጥናቱ መቼ መቆም እንዳለበት ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው። ከቫይሮሎጂስቱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተማሩ፣ ነገ በአንድ ጥናት ላይ ሁለት ቋንቋ ይናገራሉ።

ለመጀመር ብዙ ወረቀት አያስፈልግም። በዚህ ሳምንት ለኤንአይኤች የፕሮግራም ኃላፊ አጭር ኢሜይል ጻፉ። ማንን ማሠልጠን እንደምትፈልጉ፣ ስንት ቀን፣ የት፣ በየትኛው ወር፣ በግምት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ፣ ከዚያ ደግሞ ማን ሌላ እያዋጣ እንደሆነ። ተቋሙ ፍላጎት ከሌለው ስድስት ወር ማመልከቻ ስትጽፉ ከማጥፋት አሁን ማወቁ ይሻላል። ፍላጎት ካለው ደግሞ ለፈቃድ ደብዳቤው ምን ማሟላት እንዳለባችሁ እዚያው ይነግራችኋል።